መዝገቡ ሳይዘጋ ቤት መግባት

ስልኩ የሚጮኸው መቼም እራት ሲቀርብ ነው። ሰው ሞቶ ተገኝቷል፣ ቦታው እዚህ ጋ ነው፣ ቶሎ ድረስ። ባለቤትህ ከ"አቤት" አባባልህ ብቻ ማን እንደደወለ ታውቃለች። ልጅህ ቀና ብሎም አያይህም። ጃኬትህን እያነሳህ "ቶሎ እመለሳለሁ" ትላለህ።

እዚህ ጋ ቁም። ቤትህን ቀስ እያለች የምትበላው ይህቺ "ቶሎ እመለሳለሁ" ናት።

ከመቀጠሌ በፊት፦ ብዙ ዓመት የግድያ መርማሪ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። "አንተ" እያልኩ የምጽፈው ስለሚቀለኝ ነው። አንቺም እህቴ ያው ነው፤ እኔም ሴት ነኝ፣ ባልም ልጅም ወንድምም በየተራ አኩርፈውኛል። የሚቆጨኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ሥራ ላይ ለማላውቀው ሰው በጥንቃቄ የማደርገውን ነገር ቤቴ በር ላይ ስደርስ እጥለው ነበር። በር ላይ መጣል የነበረብኝን ደግሞ ይዤው እገባለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርህ አዲስ ችሎታ አይጠይቅህም፣ የምታውቀውን ቦታ ቦታ ማስያዝ ብቻ ነው።

"ቶሎ" ሰዓት አይደለም

እውነቱን እንነጋገር። ሥራና ቤተሰብን አመጣጥን የሚልህ ሰው ግድያ መርምሮ አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚመጣጠን ነገር የለም። ምስክሩ ዛሬ ያየውን ነገ ከሌላ ሰው ከሰማው ጋር ይቀላቅለዋል። የደህንነት ካሜራው ቦታ ሲሞላበት በአሮጌው ምስል ላይ አዲስ ይቀዳል። ዝናብ ይዘንባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ስልክ ይጣላል። ስለዚህ ትሄዳለህ፣ ምርጫ የለህም። የቤትህ ሰዎችም ይህን ካንተ እኩል ያውቁታል። መሄድህን ይችሉታል። በር በሩን እያዩ መጠበቅ ግን ያንገሸግሻል።

እስቲ መርዶ ስትናገር እንዴት እንደምትናገር አስብ። በስልክ አትናገርም፣ በአካል ትሄዳለህ፣ ብቻህንም አትሄድም። "አደጋ ደርሶበታል" አትልም፣ ምክንያቱም እናትየዋ የትኛው ሆስፒታል ነው ብላ ጫማዋን ፍለጋ ትነሳለች። "ሞቷል" ትላለህ። ቃሉ ይከብዳል፣ ግን ሰውን ተስፋ ላይ አንጠልጥሎ አይተወውም። ለማታውቀው ቤተሰብ ይህን ያህል የምትጠነቀቅ ሰውዬ፣ ለራስህ ቤት ለምንድን ነው "እስቲ አያለሁ"፣ "ልጨርስ ነው"፣ "ትንሽ ብቻ" የምትለው?

እንዲህ በል፦ "ዛሬ አልመጣም። ነገም ላልመጣ እችላለሁ። ነገ ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን እደውላለሁ።" ከዚያ 2 ሰዓት ላይ ደውል። ተጠርጣሪው ልክ በዚያች ደቂቃ እየተናዘዘ ካልሆነ በቀር፣ ባልደረባህን ተካና ለሦስት ደቂቃ ውጣ። ቃሏ ትንሽ ትሁን፣ ግን የምትጠብቃት ትሁን። ትልቅ ቃል ሰጥተህ ከምታጥፍ ትንሿን አክብር።

የወንጀል ቦታው ከታጠረ በኋላ ገመዱ ጋ የሚቆመውን ፖሊስ አስታውስ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ላይ፣ አለቃም ቢሆን ይመዘገባል። አንድ ሰዓት ክፍተት ከተገኘ ጠበቃው ፍርድ ቤት ላይ በዚያች ክፍተት ይገባብሃል። ቤትህ ያሉትም እንደዚያው ናቸው፤ ያልተነገራቸውን ሰዓት በራሳቸው ግምት ይሞሉታል፣ ግምታቸው ደግሞ መቼም ደግ አይሆንም። የምትዘገይ ከሆነ ከሰዓቱ በፊት ተናገር። ካለፈ በኋላ የምትናገረው ሰበብ ይመስላል፣ እውነት ቢሆንም።

ርክክብም አለ። አንዲት የጥይት ቀለህ ከእጅህ ስትወጣ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ሰዓት፣ ፊርማ ይኖራል። ልጁን ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ማን ነው? የታመመችውን እናትህን ሐኪም ዘንድ የሚወስዳትስ? "ባለቤቴ ትሸፍነዋለች" ብለህ ዝም ብለህ ወጥተሃል አይደል? ቀለህ እንደዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥለህ ብትወጣ ምን ይሉህ ነበር። ጠይቅ፣ "እችላለሁ" እስክትል ጠብቅ፣ ካልቻለች ሌላ ሰው ፈልግ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በር ላይ

ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር እ.ኤ.አ. በ1910 ሊዮን ከተማ ፍርድ ቤት ጣሪያ ሥር ባሉ ሁለት ክፍሎች የፖሊስ ላቦራቶሪ ከፈተ። ሙያችን የሚምልበት መርህ የሱ ነው፦ ሁለት ነገር ከተነካካ አንዱ ከሌላው የሆነ ነገር ይወስዳል፣ የሆነ ነገርም ይተውለታል። ገዳዩ ላይ ይሠራል። አንተም ላይ ይሠራል።

የቆየ ሬሳ ጠረን ፀጉርና ልብስ ውስጥ ይቀራል። (ጀማሪዎች አፍንጫቸው ሥር ሜንቶል ይቀባሉ፤ እኔን ከጠየቅከኝ አፍንጫን የበለጠ ከመክፈት ሌላ ጥቅም የለውም።) መሥሪያ ቤት ቅያሪ ልብስና ጫማ አስቀምጥ። ሻወር ካለ እዚያው ታጠብ። አንድ ጊዜ ሳልቀይር ገብቼ ልጄ ልታቅፈኝ ሮጣ መጥታ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። አፍንጫዋን አልያዘችም፣ ምንም አላለችም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ በእጇ ሰላም አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መኪናዬ ውስጥ ቅያሪ ልብስ ጠፍቶ አያውቅም።

ልብሱ ቀላሉ ነው። ጭንቅላት ነው የሚያስቸግረው። ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ መሃል ላይ የተቋረጠውን እንደሚያስታውሱ አሳይታ ነበር። ያልተዘጋ መዝገብ ማለት ይሄው ነው፤ ትራስህ ላይ አብሮህ ይተኛል። ደግነቱ መፍትሔው መጨረስ ብቻ አይደለም። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ለቀረው ሥራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ማውጣት ብቻውን ሐሳቡ ጣልቃ እየገባ እንዳይረብሽ እንደሚረዳ አሳይተዋል።

ስለዚህ መኪናህን ካቆምክ በኋላ፣ ወይም ከአውቶቡስ ከመውረድህ በፊት፣ አሥር ደቂቃ ውሰድ። ማስታወሻህ ላይ ሦስት ነገር ጻፍ፦ ነገ መጀመሪያ የማናግረው ማንን ነው፣ ምን ልጠይቀው ነው፣ ስንት ሰዓት ላይ። "ጎረቤቶችን ማናገር" ብለህ አትጻፍ፣ አይሠራም። "ሁለተኛ ፎቅ ያለችውን ሴትዮ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ ውሻው መቼ መጮህ እንዳቆመ" ብለህ ጻፍ። ከዚያ ማስታወሻውን መኪና ውስጥ ተወው። (ቁልፍ ቆልፈህ፣ እባክህ። መዝገብ ያስጠፋ መርማሪ አውቃለሁ።)

ያየኸው ምስል እየተመላለሰ ካስቸገረህ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ኤሚሊ ሆልምስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሙከራ፣ አሰቃቂ ፊልም ካዩ ሰዎች መካከል ግማሽ ሰዓት ቆይተው ለ10 ደቂቃ ቴትሪስ የሚባለውን ጡብ የመደርደር ጌም የተጫወቱት፣ ካልተጫወቱት ይልቅ በሳምንቱ ውስጥ ምስሉ ትንሽ ጊዜ ነበር የመጣባቸው። ፊልም ነው እንጂ እውነተኛ ሬሳ አይደለም፣ መድኃኒት ነው አልልህም። ግን ጉዳት የለውም፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። ልጄ አይታ "እማዬ ጌም?" ብላ ሳቀችብኝ፣ እሱም ራሱ አንድ ነገር ነው።

ቤት ውስጥ ቃል አትቀበል

ይሄ ትልቁ ጥፋቴ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። 40 ደቂቃ አምሽታ መጣች። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚዋሽ ሰው ፊት ተቀምጬ ውዬ ነው የመጣሁት። "ተቀመጪ" አልኳት። የት ነበርሽ አልኩ። ነገረችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታው መሣሪያ ነው፣ ታውቀዋለህ፤ ሰው ዝምታ ስለማይችል ይሞላዋል። ሞላችው። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ጠየቅኩ። ከዚያ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያ እንድትነግረኝ አደረግኩ። ከማን ጋር፣ በየት በኩል፣ ማን ቀድሞ ተነሳ። ሁለት ደቂቃ አልገጠመልኝም፣ እሷን ያዝኩ።

ልጄ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዓይኔን አየችና "እማዬ፣ የምፈርመው የት ነው?" አለችኝ።

እውነቷን ነበር፤ አውቶቡስ አምልጧት ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት "እሺ"፣ "አላውቅም"፣ "ምንም" ከሚሉት ውጪ ከአፏ ቃል አልወጣም። ማን አስተማራት? እኔ። ጥሩ ተጠርጣሪ አጭር መልስ ነው የሚሰጠው።

እንግዲህ ቤት ስትገባ የምትጥለው ይሄን ነው። ሥራ ላይ አንድ ጥያቄ የማይበቃህ ከሆነ ቤት አንድ ብቻ ጠይቅ፣ የተሰጠህን መልስም እንደመጣ ውሰደው። "ለምን" ብለህ አትጀምር። ያልገጠመ ነገር ብትሰማ እለፈው፤ እራት ላይ የማይገጥም ወሬ ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ ሲያወራ እንደዚያ ነው። ዝም ካሉ አንተ ስለራስህ ውሎ አንድ ነገር ተናገር፣ ተራ ነገር፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ ስድስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ ዓይነት። መርማሪ ስለራሱ አያወራም። እናትና አባት ያወራሉ።

አንድ ነገር ብቻ ከመመርመሪያ ክፍሉ ይዘህ መግባት ትችላለህ፦ ለተጎዳ ምስክር የምታሳየውን ትዕግሥት። የሞተባትን ሴት ስታናግር አታቋርጣትም፣ ሰዓት አታይም፣ ስልክህን ገልብጠህ ታስቀምጣለህ። ያቺን ለባለቤትህ አድርጋት።

ምን ልንገራቸው?

ስለ መዝገቡ ምንም። የሟች ስም፣ የተጠርጣሪ ስም፣ ማን ምን ቃል ሰጠ፣ እነዚህ ከቤትህ በር አይገቡም። የሕግ ጉዳይ ከመሆኑም በላይ የቤትህን ሰው ለምን ሸክም ታበዛበታለህ። መዝገቡ ራስህ ዘመድ ወይም ወዳጅ ጋ ከደረሰ ደግሞ በዚያው ቀን ለአለቃህ አሳውቀህ ከመዝገቡ ውጣ። "ለብቻዬ አይቼው ልንገራቸው" ያለ ሁሉ መዝገቡንም ዘመዱንም አጥቷል።

ግን ብዙዎቻችን "ሚስጥር ነው" በሚል ሰበብ ራሳችንንም አብረን እንቆልፋለን። ሚስጥሩ የመዝገቡ ነው፣ ሐዘኑ ያንተ ነው። "ዛሬ ያየሁት ሕፃን ነው፣ ልቤ ተሰብሯል፣ ማውራት አልችልም ግን እዚሁ አጠገብሽ ልቀመጥ" ማለት የትኛውንም ምርመራ አያበላሽም።

ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አንድ ዓይነት እጦት አጥንታለች። ካጠናቻቸው መካከል በጦርነት የጠፉ፣ ሞቱም ዳኑም ያልታወቁ ወታደሮች ቤተሰቦች ይገኙበታል። ተገላቢጦሹም እንዳለ አስተውላለች፤ ሰውየው በአካል ቤት አለ፣ በልቡ ግን የለም። ይሄኛውም ቤተሰብን የሚያዝለው እጦት ነው፣ ምክንያቱም ሰው አለ ብሎ መደሰትም ሄደ ብሎ ማልቀስም አይቻልም። ሶፋው ላይ ተቀምጠህ ቴሌቪዥኑን እያየህ የማታይበትን ማታ አስብ። ባለቤትህ እያየች ያለችው እሱን ነው።

እንቅልፍ ያጣ ሰው አይጣላ

አጭር ነው። ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የአእምሮው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን በጥናት ታይቷል። በብዙ አገር በዚህ መጠን መኪና መንዳት ያስቀጣል። አንተ ደግሞ በ30ኛው ሰዓትህ ስለ ትዳርህ ልትወስን ትቀመጣለህ። ጠቡን አሳድረው። "ሰምቼሻለሁ፣ ጉዳዩ ትልቅ ነው፣ ተኝቼ ነገ ከምሳ በኋላ እናውራ" በል። ነገ ከምሳ በኋላ ራስህ አንሳው፣ እሷ እስክታነሳው አትጠብቅ። ካልሆነ ማምለጫ ነው።

ነቅተህ ሳለም ደምህ ሊፈላ ይችላል። የባለትዳሮችን ጠብ ለአሥርት ዓመታት ያጠናው ጆን ጎትማን፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚባለውን በቅጡ እንደማይሰማ፣ ለመብረድም ቢያንስ 20 ደቂቃ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። 20 ደቂቃ ውጣና ተራመድ። እየተራመድክ ግን መልስህን አታዘጋጅ። እኔ እሱን ነበር የማደርገው፣ ቁጭ ብዬ የምጽፈው የክስ ማመልከቻ ይመስል ተስተካክሎ ይመጣ ነበር።

ሌሊት ላብ በላብ ሆነህ ከተነሳህ፣ የሚወዱህን ሰዎች መንካት ካስጠላህ፣ ይሄ ከወር በላይ ከቆየ፣ ባለሙያ ጋ ሂድ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር መመሪያ፣ በሥራው ምክንያት አሰቃቂ ነገር ደጋግሞ የሚያይ ወይም ዝርዝሩን የሚሰማ ሰው ራሱ አደጋው ባይደርስበትም የአሰቃቂ ሁኔታ ጭንቀት ሊይዘው እንደሚችል በግልጽ ጽፎታል፣ በምሳሌነትም ፖሊስ ተጠቅሷል። ስለዚህ "ምን ሆንኩና" አትበል።

የቀዘቀዘው መዝገብ

እስካሁን ያልኩት እንዳይበላሽ ነው። የተበላሸውስ?

ታናሽ ወንድሜ አራት ዓመት አኩርፎኝ ነበር። እናታችን የሞተች ቀን እኔ መዝገብ ላይ ነበርኩ። የኔ ግምት ግልጽ ነበር፦ ሥራዬን ከእናቴ ስላስበለጥኩ ነው የጠላኝ። በዚህ ግምት አራት ዓመት ኖርኩ፣ መልሴም ተዘጋጅቶ ነበር። ሁለት ሕፃናት የተገደሉበት መዝገብ ነው፣ ማንም ቢሆን ይሄድ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ደብተር አወጣሁና እንደ አሮጌ መዝገብ ሠራሁት። ለረጅም ጊዜ ያልተፈታ መዝገብ ሲከፈት ምን እናደርጋለን? የመጀመሪያውን መርማሪ መደምደሚያ ወደ ጎን ትተን ከገጽ አንድ እንጀምራለን፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የተሳሳትነው በመጀመሪያው ቀን ግምት ላይ ነው። የዚያን ቀን የስልክ ጥሪዎቼን በሰዓት ደረደርኩ። ረፋድ ላይ ደወለልኝ፣ "ከሰዓት እመጣለሁ" አልኩ። ከሰዓት ደወለ፣ "መንገድ ልጀምር ነው" አልኩ። አመሻሽ ላይ ደወለ፣ "ደረስኩ በላት" አልኩ። ሁሉንም ጊዜ አምኖኝ እናታችን ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ "እየመጣች ነው" ብሏታል። አለመሄዴን አልነበረም የተቀየመው። ለምትሞት ሰው በኔ ቃል አስዋሸሁት።

አንተም እንዲህ አድርግ። ከተኳረፍከው ሰው ጋር የሆነውን በቀንና በሰዓት ጻፍ፣ የራስህን ማብራሪያ ሳትጨምር። ሥራህ የሌለበትን ቅጂ ጻፈው፤ "መዝገብ ስለነበረብኝ" የሚለውን ሐረግ በሙሉ ሰርዝና የቀረውን አንብብ። እዚያ ውስጥ የምታገኘው ነገር ብዙውን ጊዜ ትንሽና ግልጽ ነው። ከዚያ ሂድ፣ በአካል፣ ልክ መርዶ ለመናገር እንደምትሄደው፣ ግን ይሄኛው ላይ ብቻህን። ያደረግከውን ብቻ ተናገር። "ግን" አትበል።

እኔ በር ላይ ቆሜ "የዚያን ቀን ሦስት ጊዜ እመጣለሁ ብዬህ አልመጣሁም" አልኩት። ወንድሜ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ዝምታውንም አልሞላሁትም።

"አራት ጊዜ ነው" አለኝ።

ስልኬ ላይ የነበረው ሦስት ጥሪ ነው። አራተኛውን ሆስፒታል ካለ ስልክ ደውሎ ኖሯል። አልተከራከርኩም፣ "አራት ጊዜ" አልኩት። በሩን ከፈት አድርጎ ወደ ጎን ቆመልኝ።